ቅጠሉ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ

የቻይና ባህላዊ ዕፅዋት በቫይረስ ላይ የጣሉት ተስፋና የገበያው ወሬ

እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2020 ምሽት የቻይናው የመንግሥት ዜና አገልግሎት ዢንኋ አንድ አጭር ዜና አሠራጨ። ሹአንግኋንግሊያን የተባለውና በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ከዕፅዋት የተቀመመ ፈሳሽ አዲሱን የኮሮና ቫይረስ ሊገታ እንደሚችል የሻንጋይ የመድኃኒት ምርምር ተቋምና የዉሃን የቫይረስ ምርምር ተቋም ደረሱበት የሚል ነበር። በዚያው ሌሊት በየከተማው በመድኃኒት ቤቶች ደጃፍ ረጃጅም ሰልፎች ታዩ። በሽታው እንዳይዛመት ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ በሚለመንበት ሰሞን፣ ሰው በጥር ብርድ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆመ። በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረውም ተጠርጎ አለቀ። በማግሥቱ የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ ፒፕልስ ዴይሊ መግታት ማለት መከላከልና ማዳን ማለት እንዳልሆነ በመግለጽ፣ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ገዝቶ እንዳይወስድ አሳሰበ። ማሳሰቢያው ሲወጣ ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር።

የገበያ ገጽ ስለ መድኃኒት ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለው ዜና ግን ከሐኪሙ ጠረጴዛ ቀድሞ የሚደርሰው ከጅምላ ነጋዴው መጋዘን ነው። በአገራችንም መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን የነጭ ሽንኩርት፣ የዝንጅብልና የሎሚ ዋጋ እንዴት እንደተተኮሰ፣ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆችም እንዴት እንደታሸጉ የረሳ ነጋዴ አይኖርም።

ለመሆኑ ከቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ቫይረስን ያሸንፋሉ? የሚያሸንፉ ከሆነስ ትርፉ የሚገባው ለማን ነው? ገበሬው፣ አከማቺው፣ ፋብሪካው ወይስ የአክሲዮን ባለቤቱ? ላለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የታዩትን ጥቂት እውነተኛ ታሪኮች ተራ በተራ ብንመለከት መልሱ በመጠኑ ይገለጻል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በብልቃጥ ውስጥ «መግታት»

ቫይረስ ብቻውን የሚራባ ፍጥረት አይደለም። ወደ ሕያው ሕዋስ ሰርጎ ገብቶ በሕዋሱ ዕቃና ጉልበት ራሱን ያባዛል። ተመራማሪዎች አንድ ንጥረ ነገር ቫይረስን ይገታ እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ በመጀመሪያ ሕዋሳትን በብልቃጥ ያሳድጋሉ፣ ቫይረሱን ይለቁባቸዋል፣ ከዚያም ንጥረ ነገሩን ይጨምራሉ። ቫይረሱ መባዛቱን ከቀነሰ «ገታ» ይባላል። ይህ የሥራው የመጀመሪያ ደረጃ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮችም ያልፉታል። ሳሙናም ቫይረስ ይገድላል፤ ሳሙና የሚጠጣ ግን የለም።

በ2003 ሳርስ የተባለው በሽታ ከደቡብ ቻይና ተነሥቶ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ሲይዝና 774 ሲገድል፣ በጀርመን የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ውጤት አወጡ። ከሊኮሪስ ሥር የሚገኘው ግሊሲራይዚን የሳርስን ቫይረስ በብልቃጥ ውስጥ ገታ የሚል ነው። ሊኮሪስ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ውስጥ ከሁሉ አብዝቶ ከሚገቡት ሥሮች አንዱ ስለሆነ ዜናው ብዙ ተስፋ አሳደረ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በዚያ ሙከራ የቫይረሱን መባዛት በግማሽ ለመቀነስ ያስፈለገው መጠን በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ነበር። አንድ አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ደም አለው። ይህን መጠን በደሙ ውስጥ ብቻ ለማድረስ በአንድ ጊዜ 1,500 ሚሊግራም መኖር አለበት ማለት ነው፤ ያውም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል የሚሰራጨው ሳይቆጠር። የአውሮፓ የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ ግን አንድ ሰው በቀን ከ100 ሚሊግራም በላይ እንዳይወስድ መክሯል። ምክንያቱም ከመጠን ያለፈ ግሊሲራይዚን የደም ግፊትን ያንራል፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ያወርዳል፣ ልብንም ያናውጣል። በብልቃጥ የሠራው ነገር በሰው ላይ ለመሥራት የሚጠይቀው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት መንገዱ ነው። አስመጪ የሆነ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ዕቃ መርካቶ እስኪደርስ በየኬላው ይፈተሻል፣ ይቀረጣል፣ ጥቂቱም ይጎድላል። በአፍ የተዋጠ ንጥረ ነገርም እንዲሁ ነው። አንጀት ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል። ያለፈው ደግሞ በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበት ባዕድ ነገር ያለውን ይለውጠዋል፣ ያስወግደዋል። በሹአንግኋንግሊያን ውስጥ ካሉት ሦስት ዕፅዋት አንዱ ኋንግቺን የሚባለው ሥር ሲሆን ዋናው ንጥረ ነገሩ ባይካሊን ይባላል። ባይካሊን በብልቃጥ ብዙ ቫይረሶችን እንደገታ ተጽፎለታል። ነገር ግን እንዳለ ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት እጅግ የሚቸገር ንጥረ ነገር ነው። ብልቃጡ ውስጥ የተቆጠረው ሁሉ ሳንባ ዘንድ አይደርስም።

ከዚህ ችግር ያመለጠ አንድ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥቅምት 2006 ከዕፅዋት የተጨመቀ ድብልቅን ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ መድኃኒት አድርጎ ፈቀደ። መድኃኒቱ ቬረገን ይባላል፤ ከአረንጓዴ ሻይ ቅጠል የተጣራ ቅባት ሲሆን በቫይረስ የሚመጣ የአባላዘር ኪንታሮትን ለማከም ይውላል። ለምን ተሳካ ቢባል አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። ቅባቱ የሚቀባው በሽታው ካለበት ቆዳ ላይ ነው፤ በአንጀትና በጉበት ኬላ አያልፍም። ይህም ሆኖ የሻይ ገበያ በዚህ መድኃኒት ምክንያት ንቅንቅ አላለም። ለቅባቱ የሚያስፈልገው ቅጠል ዓለም በየቀኑ ከሚጠጣው ሻይ አንጻር ከቁጥር አይገባምና።

ዓለምን ያስጨነቀው ቅመም

ከቻይና ባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት አንዱ በእርግጥም የታወቀ የፀረ-ቫይረስ መድኃኒት ጥሬ ዕቃ ሆኗል። እርሱም ስታር አኒስ ነው። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ የመሰለ ቡናማ ፍሬ ሲሆን መዓዛው ከእኛ እንስላል ጋር ይቀራረባል። ቻይናዎች ባጂያው፣ ማለትም «ስምንት ቀንድ» ይሉታል። በብዛት የሚገኘው በደቡብ ቻይና በጓንግሺ ግዛትና ድንበሩን ተሻግሮ በሰሜን ቬትናም ነው። በባህላዊ ሕክምና ሆድን ያሞቃል፣ ብርድን ያባርራል ተብሎ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ግን የወጥ ቅመም ነው።

በፍሬው ውስጥ ሺኪሚክ አሲድ የተባለ ንጥረ ነገር አለ። አሲዱን በ1885 ለይቶ ያወጣው የሆላንዱ ተወላጅ ዮሐን ኤይክማን ሲሆን ስሙም ሺኪሚ ከተባለው የጃፓን ዛፍ የተወሰደ ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ከኬሚስቶችና ከዕፅዋት አጥኚዎች በቀር የሚጠይቀው አልነበረም። በ1990ዎቹ ጊልያድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦሴልታሚቪር የተባለ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አገኘ፤ መብቱንም በ1996 ለስዊሱ ሮሽ ሰጠ። በ1999 ታሚፍሉ በሚል የንግድ ስም በአሜሪካ ተፈቀደ። ሮሽ መድኃኒቱን በብዛት ለማምረት መነሻ ያደረገው ይህንኑ ሺኪሚክ አሲድ ነው።

የመድኃኒቱ አሠራር እንዲህ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በሕዋስ ውስጥ ከተባዛ በኋላ ለመውጣት መቀስ የመሰለ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ኒውራሚኒዴዝ ይባላል። ኦሴልታሚቪር መቀሱ መሐል ገብቶ ይሰነቀራል። ቫይረሱ ከወለደው ሕዋስ ተቆርጦ መውጣት ያቅተዋል፣ ወደ ጎረቤት ሕዋስም መሻገር አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ነጋዴዎችን ያሳሳተ ነጥብ አለ። ሺኪሚክ አሲድ ራሱ መቀሱን አይዝም። ስታር አኒስ ቀቅሎ የጠጣ ሰው ኦሴልታሚቪር አልጠጣም። አሲዱ ለፋብሪካው የሚሰጠው ለመሥራት አስቸጋሪ የሆነ የሞለኪውል አጽም ነው። ኬሚስቶች ከዚያ አጽም ተነሥተው አሥር ያህል ደረጃዎችን ያልፋሉ፤ ከነዚህም መካከል ሊፈነዱ የሚችሉ ኬሚካሎች የሚገቡባቸው አሉ። በጭቃ፣ በማገርና በቆርቆሮ የተሠራን ቤት ማገሩ ሠራው እንደማይባል ሁሉ ታሚፍሉም ከቅመሙ ተሠራ እንጂ ቅመሙ አይደለም።

ስህተቱ በገንዘብ ብቻ አልቀረም። የጃፓኑ ሺኪሚ ፍሬ ከቻይናው ስታር አኒስ ጋር በመልክ ይመሳሰላል፤ ግን መርዝ ነው። በ2003 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የስታር አኒስ ሻይ የጠጡ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ በመታመማቸው ሕዝቡ ሻዩን እንዳይጠጣ አስጠንቅቋል።

ዋጋው ለምን ወጣ? ለምን ወረደ?

በ2005 የወፍ ጉንፋን ከእስያ ወደ አውሮፓ ሲሻገር መንግሥታት ታሚፍሉን ለክፉ ቀን ለማከማቸት ተሽቀዳደሙ። ሮሽ የሚፈለግበትን ማቅረብ አቃተው። ዜና አውታሮች የእጥረቱን ምክንያት ሲፈልጉ ከጓንግሺ ዛፍ ላይ ደረሱ። ወሬው በተሰማ በጥቂት ወራት ውስጥ የስታር አኒስ ዋጋ ናረ። ገበሬውም፣ ሰብሳቢውም፣ ከዚህ በፊት ቅመም ነግዶ የማያውቀውም ፍሬ ማከማቸት ያዘ።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አቅርቦቱ ግትር ነበር። ስታር አኒስ ዛፍ ነው፤ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። ዛሬ ዋጋ ቢጨምር የዘንድሮው ምርት አይጨምርም። ቡና የሚነግድ ሰው ይህን ጠባይ ያውቀዋል። ከደረቀው ፍሬ ውስጥ አሲዱ ጥቂት በመቶ ብቻ በመሆኑም ብዙ ፍሬ ጥቂት ጥሬ ዕቃ ይሰጣል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ያየ ነጋዴ ዋጋው ገና ይወጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ያላየው ሦስተኛው ነገር በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፕሮፌሰር ጆን ፍሮስት ሺኪሚክ አሲድን ከዛፍ ሳይሆን ከባክቴሪያ የሚያመርቱበትን ዘዴ አስቀድመው አግኝተው ነበር። ዕፅዋትና ብዙ ባክቴሪያዎች ይህን አሲድ ለራሳቸው ጥቅም በውስጣቸው ይሠራሉ። ባክቴሪያው ተጨማሪ እንዲያመርትና አሲዱን ወደ ሌላ ነገር እንዳይለውጥ አድርጎ ማሻሻል ይቻላል። ቀለቡ ግሉኮስ ነው፤ የሚመረትበትም እንደ ቢራ መጥመቂያ ያለ ጋን ነው። ሮሽ በ2005 ከሚያስፈልገው አሲድ የተወሰነውን ከወዲሁ በዚህ መንገድ ያገኝ ነበር፤ ድርሻውንም ከዓመት ዓመት ጨመረ። ዛፉ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ጋኑን ግን በአጭር ጊዜ ማስፋፋት ይቻላል።

የመድኃኒቱ ገበያም ቢሆን ወረርሽኝ ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ሆኖ ተገኘ። የአሳማ ጉንፋን በዓለም በተዛመተበት በ2009 የሮሽ የታሚፍሉ ሽያጭ 3.2 ቢሊዮን የስዊስ ፍራንክ ደረሰ። በተከታዩ ዓመት ከ1 ቢሊዮን በታች ወረደ። በ2014 ኮክሬን የተባለው ገለልተኛ የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ቡድን የኩባንያውን የሙከራ ሰነዶች ከመረመረ በኋላ፣ መድኃኒቱ በአዋቂዎች ላይ የጉንፋኑን ስሜት የሚያሳጥረው በአማካይ ከ17 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ታሚፍሉ ለማከማቸት ያወጣው 424 ሚሊዮን ፓውንድ በአገሪቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ። በ2016 ጀነሪክ ምርቶች በአሜሪካ ተፈቀዱ። በ2017 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዋና ዝርዝር አውጥቶ ወደ ተጨማሪው ዝርዝር አዛወረው። መድኃኒቱ ዛሬም ይሠራበታል፤ በተለይ በጽኑ ለታመሙና ለአደጋ ለተጋለጡ ይሰጣል። የ2005 ጥድፊያ ግን ያለፈ ታሪክ ነው።

የአሪቲ ዘመድ ያስተማረው

ስለ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት ተስፋ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አርቴሚሲኒን ነው። አርቴሚሲኒን የወባ መድኃኒት ነው። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ እንጂ ቫይረስ ስላልሆነ፣ በወባ ላይ መሥራቱ በቫይረስ ላይ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት ትልቅ ነው። ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2004 ለዋናው የወባ ዓይነት የመጀመሪያ ተመራጭ ሕክምና ያደረገችው ኮአርተም መሠረቱ ይኸው ተክል ነው። ተክሉ ቺንግሃው ሲባል የእኛ አሪቲ የቅርብ ዘመድ ነው።

የቻይና መንግሥት ግንቦት 23 ቀን 1967 በጀመረው የምስጢር ምርምር ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስት በመቶዎች የሚቆጠሩ የባህላዊ መድኃኒት አዘገጃጀቶችን መረመሩ። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ገ ሆንግ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ተክሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ጭማቂው እንደሚጠጣ አነበቡ። አለመፍላቱን አስተዋሉ፤ ሙቀት ፈዋሹን ያጠፋው ይሆናል ብለው በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት፣ በ1971ም ተሳካላቸው። በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ልብ እንበል፤ የጥንቱ መጽሐፍ ፍንጭ ሰጠ፣ መድኃኒቱን ያስገኘው ግን ንጥረ ነገሩን ለይቶ፣ መጠኑን ለክቶ፣ በእንስሳና በሰው ላይ የሞከረው ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2001 ጀምሮ አገሮች አርቴሚሲኒን ያለባቸውን ጥምር መድኃኒቶች እንዲጠቀሙ ሲመክር ፍላጎቱ ተተኮሰ። በ2005 አካባቢ የአንድ ኪሎ አርቴሚሲኒን ዋጋ ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር አለፈ። ቺንግሃው ዛፍ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚዘራ ነው። በቻይና፣ በቬትናምና በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ ገበሬ በአንድ ጊዜ ዘራው። በ2007 ዋጋው ወደ 200 ዶላር አካባቢ ወረደ። ገበሬው ተክሉን ትቶ ወደ ሌላ ሰብል ሲዞር ደግሞ እጥረት መጣ፣ ዋጋውም ተመልሶ ወጣ። የኢኮኖሚክስ መምህራን ይህን «የሸረሪት ድር» ይሉታል። ባለፈው ዓመት ዋጋ ተመርቶ የሚዘራ ሰው ሁልጊዜ ለገበያው ዘግይቶ ይደርሳል። በቀይ ሽንኩርት ገበያችን ላይም በየጊዜው የሚታይ ነገር ነው።

አርቴሚሲኒንንም ከጋን ለማምረት ተሞክሯል። ሳኖፊ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2013 በተሻሻለ እርሾ አማካይነት ማምረት ጀመረ። የእርሾው ምርት በኪሎ ከ350 እስከ 400 ዶላር ሲተመን የተክሉ ዋጋ ከ250 በታች ወረደ፤ በ2015 ፋብሪካው ምንም አላመረተም። ስለዚህ ጋን ሁልጊዜ እርሻን ያሸንፋል ማለት አይቻልም። ሁለቱ በዋጋ የሚፎካከሩ መሆናቸውን ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

የወባው ስኬት በቫይረስ ላይ እንዲሁ ሲተላለፍ የሚሆነውን በማዳጋስካር አይተናል። በሚያዝያ 2020 ፕሬዚዳንት አንድሪ ራጆሊና ከዚህ ተክል የተዘጋጀ መጠጥ ለኮሮና መድኃኒት ነው ብለው አስመረቁ፤ ለበርካታ የአፍሪካ አገሮችም ተላከ። የዓለም ጤና ድርጅት መጀመሪያ በሰው ላይ ተሞክሮ ይረጋገጥ አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአንታናናሪቮ ሆስፒታሎች በታማሚ ተጨናነቁ።

ሥሩ፣ ቅጠሉና አክሲዮኑ

እስካሁን ያየነው የነጠላ ንጥረ ነገሮችን ጉዳይ ነው። በቻይና ገበያ ላይ ትልቁን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱት ግን የብዙ ዕፅዋት ድብልቆች ናቸው። ሊያንኋ ቺንግዌን ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ዪሊንግ የተባለው ኩባንያ በሳርስ ዘመን የቀመመው ሲሆን 13 ነገሮች ይገቡበታል። የኩባንያው አክሲዮን በሼንዠን ገበያ ይሸጣል። በ2020 የቻይና መንግሥት ለቀላልና መካከለኛ የኮሮና ሕመም እንዲሰጥ ፈቀደ።

ለፈቃዱ ድጋፍ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በ284 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ነው። ድብልቁን ከመደበኛው ሕክምና ጋር የወሰዱት ስሜታቸው በ7 ቀን ሲሻላቸው ያልወሰዱት በ10 ቀን ተሻላቸው። ውጤቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የማስመሰያ ክኒን አልነበረም፤ እያንዳንዱ ታማሚ የሚወስደውን ያውቅ ነበር። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው ያለ ሰው ተሻለኝ ለማለት ይፈጥናል። ቫይረሱ ከሰውነት በጠፋበት ጊዜም በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። እውነቱን ለመናገር፣ በ2023 ከ800 በላይ ታማሚዎችን ይዞ በማስመሰያ የተነጻጸረ ጥናት ወጥቶ ድብልቁ የሕመሙን ስሜት እንደሚያሳጥር ዘግቧል። ስሜትን ማቅለልና ቫይረስን ማጥፋት ግን ለየብቻ የሚለኩ ናቸው። ከዚህም ሌላ በድብልቁ ውስጥ ኤፌድራ የተባለ ዕፅ አለ። አሜሪካ ኤፌድራ ያለበትን ተጨማሪ ምግብ በ2004 ስላገደች፣ ምርቱ ወደዚያ ገበያ የሚገባበት በር ጠባብ ነው።

በ2022 ሻንጋይ ስትዘጋ ድብልቁ በየቤቱ ታደለ። በሚያዝያ ወር ግን አንድ ታዋቂ ሰው በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ጥቅሙ ጥያቄ አነሣ፤ አንድ የሐኪሞች ድረ ገጽም ለመከላከያ ብላችሁ አትውሰዱት አለ። የዪሊንግ አክሲዮን ገበያው በአንድ ቀን እንዲወርድ የሚፈቅደውን 10 በመቶ ያህል ወደቀ። በዚያ ዕለት ዕፅዋቱ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው የሰው እምነት ነው፤ አክሲዮኑም የተገዛው ያንኑ እምነት ተመርኩዞ ነበር።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

እንዲህ ያለ ዜና ነገም መምጣቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ገንዘቡን ለሚያወጣ ሰው የሚከተሉት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ሙከራው የተደረገው በምን ላይ ነው? በብልቃጥ፣ በአይጥ ወይስ በሰው? በሰው ከሆነ ስንት ሰው ነበር? የማስመሰያ ክኒን የወሰደ ወገንስ ነበረበት?

ሁለተኛ፣ በብልቃጥ የሠራው መጠን ስንት ነው? ያ መጠን ያለ ጉዳት በሰው ደም ውስጥ ሊደርስ ይችላል? የሊኮሪሱን ሒሳብ የሠራነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ፋብሪካው የሚፈልገው ተክሉን ነው ወይስ በተክሉ ውስጥ ያለውን ሞለኪውል? ሞለኪውሉን ከሆነ ከባክቴሪያ፣ ከእርሾ ወይም በኬሚካል መንገድ ሊያገኘው ይችላል? ከቻለ የተክሉ ዋጋ ጣሪያ አለው።

አራተኛ፣ ተክሉ ዛፍ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚዘራ? የዛፍ ዋጋ ለተወሰነ ጊዜ ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚዘራው ግን በሚቀጥለው መኸር ገበያውን ያጥለቀልቃል።

አምስተኛ፣ ወረርሽኙ ቢያበቃ ዕቃውን ማን ይገዛል? በየካቲት 2003 በጓንግዶንግ ግዛት ሕዝቡ ባንላንገን የተባለውን ሥር ለሳርስ መከላከያ ይሆናል ብሎ ሲሻማበት ነበር። ሐምሌ ላይ በሽታው መገታቱ ታወጀ። ባንላንገን ለመድኃኒት እንጂ ለወጥ አይሆንም፤ ስታር አኒስ ግን ሌላ ገዢ አለው፣ ወጥ ቤት። በመጋዘን የከረመ ዕቃ ሁለተኛ ገዢ ከሌለው ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ባህላዊ መድኃኒትን ለማጣጣል የተነሡ አይደሉም። የቺንግሃውን ፍንጭ ያቆየው የጥንቱ መጽሐፍ ነው። እኛም ሥር ምሰው ቅጠል በጥሰው ያቆዩልን አባቶች አሉን፤ ጉንፋን ሲይዘን ዳማከሴ የማይሸት ቤት ጥቂት ነው። መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ከአገር በቀል ዕውቀት የተነሣ የኮሮና መድኃኒት መሠረታዊ የምርምር ደረጃውን ማለፉን ሲገልጽ የተሰማን ደስታም ከዚህ የመጣ ነው። ቀሪው ደረጃ ግን በእንስሳትና በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚወስደውም፣ ብዙ ገንዘብ የሚበላውም፣ አብዛኛው ተስፋ የሚቀርበትም እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ደረጃ ዜና ዕቃ የሚያከማች ነጋዴ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። በዚያች የጥር ሌሊት ከቻይና መድኃኒት ቤቶች ደጃፍ የተሰለፉት ሰዎች በሽታ ሽሽት ወጥተው ለበሽታ ራሳቸውን አጋልጠዋል። በእኛም ከተማ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ በእጥፍ የገዙት አብዛኞቹ ለዕለት ጉርሳቸው የሚለፉ ናቸው። የጓንግሺ ዛፎች ዛሬም በየዓመቱ ያፈራሉ፣ ፍሬውም እንደ ቀድሞው በአብዛኛው ወደ ድስት ይገባል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይላሉ አበው። የሚጫነው ፍሬው ነው፤ ፍሬው ደግሞ ገዢ ይፈልጋል።